ስላይዱ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ተማሪውስ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 180 ያህል ተማሪዎች አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ሁሉም ኮርስ ሙድል በተባለው የኢንተርኔት የትምህርት መድረክ ላይ እንዲጫን አዟል። እኔ እስካሁን ስላይዶቼን በቴሌግራም ቻናል እልክ ነበር፤ ያተረፍኩት ተማሪው ክፍል መምጣት ማቆሙን ነው። አሳይመንቱም የአንድ ሰው ሥራ እስኪመስል ድረስ ተመሳሳይና እንከን በሌለው እንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። ከባልደረቦቼ ግማሾቹ ‹ስልክ ከክፍል ይውጣ› ይላሉ፤ ግማሾቹ ‹ከዘመኑ ጋር እንሂድ› ይላሉ። ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእርግጥ ይጠቅማል? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

ውድ መምህር፣ አንድ መሣሪያ ወደ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ጥያቄ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ሥራ የሚያቀልለው ለማን እንደሆነ ነው። የ180 ወረቀት እርማት ከእርስዎ ትከሻ የሚያወርድ ከሆነ ይምጣ። ተማሪው ራሱ ሊደክምበት የሚገባውን ማስታወስ፣ ማስላትና መጻፍ የሚያስቀርለት ከሆነ ግን ትምህርቱን ይዞበት ይሄዳል። ስላይድ በቴሌግራም መላክ ከሁለተኛው ወገን ነው። ተማሪው ስላይዱ በእጁ ካለና ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው የዚያው ስላይድ ንባብ ከሆነ፣ መቅረቱን ስንፍና ብቻ ብዬ ልጠራው አልችልም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቀር ነበር።

«ከዘመኑ ጋር እንሂድ» ለሚሉት ባልደረቦችዎ ፕላዝማን ያስታውሱልኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጣው ትምህርት በጎ ጎን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ በዓይኑ ያየው በዚያ ስክሪን ነው። ስክሪኑ ግን አይጠብቅም። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፤ የእንግሊዝኛው ፍጥነት ከጆሮው ቢያመልጥ የሚደግምለት የለም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል፤ ሥርጭቱ ግን ሌላ ቦታ ስለሚቀጥል መብራቱ ሲመለስ ምዕራፉ አልፏል። መምህሩም በገዛ ክፍሉ የቴሌቪዥን አብሪ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ኮርሱን ዲጂታል አድርጉ» ሲባል በብዙዎች አእምሮ ያለው ሥዕል ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የተቀዳ ንግግር፣ የተጫነ ፒዲኤፍ፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ዝም ያለ ተማሪ።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተከተለው መንገድ ሌላ ነው። ጥቂት ደቂቃ ካስረዳ በኋላ አንድ የምርጫ ጥያቄ ይጥላል። ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን መልስ ይመርጣል፤ ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠውን ለማሳመን ይከራከራል፤ በመጨረሻም ሁሉም ደግመው ይመርጣሉ። ድምፅ ለመስጠት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መጠቀም ሲለመድ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያውን ለመግዛት ተሽቀዳደሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ናትናኤል ላስሪ የተባለ ተመራማሪ በአንድ የካናዳ ኮሌጅ መሣሪያውን ከተራ የካርቶን ካርድ ጋር አነጻጸረ። በተማሪዎቹ መማር ላይ ልዩነት አላገኘም። ለውጡን ያመጣው ጥያቄውና ክርክሩ እንጂ ተማሪው የሚጫነው ቁልፍ አልነበረም። መሣሪያው ለመምህሩ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ ድምፁን በቅጽበት ይቆጥርለታል፣ ይመዘግብለታል። ይህ መልካም ነው፤ ግን ለመጀመር የግድ አያስፈልግም።

የዚህ ዓይነት አሠራር ምን ያህል እንደሚያዋጣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሰፊ ጥናት ያሳያል። በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ንግግር ብቻ በሚሰጥባቸው ክፍሎች የሚወድቀው ተማሪ ወደ 34 በመቶ ሲጠጋ ተማሪው እንዲሠራ በሚደረግባቸው ክፍሎች ግን 22 በመቶ አካባቢ ነበር። ከ180 ተማሪ ይህ ልዩነት ስንት ሰው እንደሚሆን ለስታቲስቲክስ መምህር አልነግርም።

እንግዲህ ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከክፍሉ ይጀምሩ፤ ሙድል ይቆይዎት። በየክፍለ ጊዜው ሁለት ጥሩ ጥያቄ ይዘው ይግቡ። ለምሳሌ፦ «በአንድ መሥሪያ ቤት አሥር ሠራተኞች አሉ። ከሁሉም ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅ ደመወዙ እጥፍ ሆነ። አማካዩ ምን ይሆናል? ሚዲያኑስ፣ ደመወዞቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለው?» አራት አማራጭ ይስጧቸው፤ ለእያንዳንዱ አማራጭ አንድ ቀለም ያለው ወረቀት ያስይዟቸው። ግማሹ ክፍል ሚዲያኑም ይጨምራል ብሎ ተሳስቶ ወረቀቱን ሲያነሣ ያያሉ፤ ያን ቀን ምን ማስተማር እንዳለብዎ ያወቁት ያኔ ነው። ስላይዱ ይህን ሊነግርዎ አይችልም ነበር። ስላይዱን መላክ አያቁሙ፤ ነገር ግን ጥያቄዎቹንና ክርክሩን ከውስጡ ያውጡ። ክፍል የቀረ ተማሪ የጎደለውን ነገር ይወቅ።

ሙድል ዋጋውን የሚያሳየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፋይል ማስቀመጡ አይደለም፤ ኩዊዙ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ሁለት ጽሑፎች እንዲያነቡ አደረጉ። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ከሌላው ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ ይበልጥ ታወሳቸው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከትዝታቸው ከጻፉት ጽሑፍ 56 በመቶውን ሲያስታውሱ ደግመው ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶውን ነበር። በፈተና ዋዜማ ሃንድአውት አራት ጊዜ አንብቦ «ገብቶኛል» ብሎ የሚተኛው ተማሪያችን ማለዳ ላይ ምን እንደሚገጥመው ይህ ቁጥር ይናገራል።

በየሳምንቱ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ያለው አጭር ኩዊዝ ለ180 ሰው በወረቀት ማረም የሚያሳብድ ሥራ ነው። ሙድል ግን ያርመዋል። የጥያቄ ባንክ ካዘጋጁ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ጥያቄ በዕጣ ያወጣለታል። ለእርስዎ ትምህርት ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው፤ ቀመሩን አንድ ጊዜ አስገብተው ቁጥሮቹ ለየተማሪው እንዲለዋወጡ ማድረግ ይችላሉ። አንዱ ከጓደኛው መልስ ቢቀዳ የቀዳው የጓደኛውን ቁጥር ነው፤ አሠራሩን ከጠየቀው ግን ተማረ ማለት ነው፤ ይህንን ኩረጃ ብዬ አላሳድደውም። ነጥቡን ዝቅተኛ ያድርጉት፤ ከጠቅላላው አምስት ወይም አሥር በመቶ በቂ ነው። ደጋግመው እንዲሞክሩት ይፍቀዱ፤ ከፍተኛው ውጤት ይያዝላቸው።

ብዙ መምህራን የማይከፍቱት አንድ ገጽም አለ፦ የኩዊዙ የስታቲስቲክስ ሪፖርት። እያንዳንዱን ጥያቄ ስንት ተማሪ እንደመለሰው፣ ጥያቄው ጎበዙንና ደካማውን የመለየት አቅም እንዳለው ያሳያል። በአጠቃላይ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት የሳቱትን ጥያቄ ደካሞቹ ካገኙት፣ ስሕተቱ ምናልባት የመልስ ቁልፉ ላይ ወይም የጥያቄው አጻጻፍ ላይ ነው። በወረቀት ስንፈትን በኖርንባቸው ዓመታት ስንት እንዲህ ያለ ጥያቄ የስንቱን ውጤት እንዳበላሸ ሳስብ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ተማሪው ሲደርስበት ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲዘጋ ተማሪው ወደየቤተሰቡ ተበተነ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢንተርኔት ይቀጥል ሲባል አዲስ አበባ የነበረውና ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣው ተማሪ እኩል አልተማሩም። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ያለ ኢንተርኔት የቆዩባቸው ወራት ነበሩ። በኢትዮጵያ ኮርስ የሚነድፍ መምህር መቋረጥን ያልተጠበቀ አደጋ አድርጎ ሊያስብ አይገባም። ኮርሱ ሲነደፍ መቋረጡ አብሮ ይታሰብ።

እንዴት ይታሰባል? አንደኛ፣ ሙድሉ የት እንደተቀመጠ የዩኒቨርሲቲዎን የአይሲቲ ክፍል ይጠይቁ። ሰርቨሩ፣ ማለትም ሙድሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ግቢ ውስጥ ከሆነና በግቢው ኔትወርክ የሚከፈት ከሆነ፣ የውጭ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ተማሪው ከላይብረሪ ወይም ከዶርም ሊሠራ ይችላል፤ ዳታም አይከፍልም። ሰርቨሩ ውጭ አገር ከተከራየ ይህ ዕድል የለም። በእኔ ግምት ይህ አንድ ውሳኔ መምህራን በየአዳራሹ ከሚወስዱት ሥልጠና ሁሉ ይበልጣል፤ ሲወሰን ግን መምህሩን የሚጠይቀው የለም። ሁለተኛ፣ የሙድል የስልክ መተግበሪያ ትምህርቱን አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ኩዊዝም ቢሆን ቅንብሩ ላይ ከተፈቀደ ተማሪው ኔትወርክ ባለበት ጊዜ ያወርደዋል፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራዋል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ይህ እንዲሆን የሰዓት ገደብ መኖር የለበትም፤ ለሳምንታዊ መለማመጃ ደግሞ የሰዓት ገደብ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም። የመዝጊያውን ቀን አንድ ሌሊት ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ያድርጉት።

ሦስተኛው ክብደት ነው፤ የፋይል ክብደት። አንድ ሰዓት የተቀረጸ ጥራት ያለው ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። የአሥር ደቂቃ የድምፅ ማስታወሻ ከ5 ሜጋባይት ብዙም አይዘልም። ተማሪው ዕለታዊ ፓኬጁን ለእርስዎ ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ከሰጠ በዚያ ቀን ሌላውን ኮርስ በምን ይከታተል? ቪዲዮ የግድ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ እንቅስቃሴን ማሳየት ሲያስፈልግ። ለዚያም ቢሆን አጭር ይሁን፤ በፍላሽ ለክፍል ተወካዮች ይስጡት፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እንዲያውም የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተባሉት የሳይንስና የሒሳብ ማሳያዎች ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ በነጻ ናቸው። የዕጣና የስርጭት ጽንሰ ሐሳብን ተማሪው በገዛ እጁ እያንቀሳቀሰ እንዲያየው ያደርጋሉ። ቤተ ሙከራቸው ባዶ ለሆነ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ባልደረቦችዎ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ስለ ፋይል ካነሣሁ አይቀር፣ በክፍልዎ ዓይነ ስውር ተማሪ ካለ የመጽሐፍ ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው ፒዲኤፍ ብለው የሚልኩት ነገር ለእሱ ባዶ ወረቀት ነው። የማንበቢያ ሶፍትዌሩ ፎቶውን እንደ ሥዕል እንጂ እንደ ጽሑፍ አያየውም። በትክክል የተጻፈ ፋይል ከደረሰው ግን ዲጂታል ዘመን ለዚህ ተማሪ ካመጣው በላይ ያመጣለት የቀደመ ዘመን የለም፤ ሰው እስኪያነብለት ሳይጠብቅ ሃንድአውቱን ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ቀን ያነባል። በተመሳሳይ ምክንያት እንግሊዝኛው የሚፈጥንበት ተማሪም የድምፅ ማስታወሻዎን አቁሞ፣ መልሶ፣ ደግሞ ይሰማል። ለፕላዝማው ትውልድ ያልተሰጠው ነገር ይህ ነው።

አሁን ስለ ቻትጂፒቲ፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ስለሚመልሰው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም። አሳይመንቱ በማሽን መጻፉን የሚለይ ሌላ ማሽን እንፈልግ የሚል ሐሳብ ከቀረበልዎ አይቀበሉት። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 ላይ በትክክለኛነት ማነስ ምክንያት አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በእጃቸው የጻፏቸውን ድርሰቶች በሰባት መለያዎች አስፈተሹ፤ በአማካይ ከ60 በመቶ በላዩን መለያዎቹ «የማሽን ሥራ ነው» አሉት። ቀላል ቃልና ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር የሚጠቀም ሰው በእነሱ ሚዛን ማሽን ይመስላል። የእኛ ተማሪ እንዲህ ነው የሚጽፈው። ቋንቋው ባልዳበረ ሐቀኛ ተማሪ ላይ እንዲህ ባለ ማስረጃ ዜሮ መስጠት በደል ነው፤ መሣሪያውን አሻሽሎ የሚጠቀመው ደግሞ ያመልጣል።

መከልከልም አያዋጣም፤ ዝም ብሎ መፍቀድም አያዋጣም። በቱርክ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ የተሠራ የሒሳብ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል። ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያ ያለ ገደብ እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ተማሪዎች በልምምዱ ጊዜ ከሌሎቹ 48 በመቶ የተሻለ ሠሩ። መሣሪያው ተነጥቀው ሲፈተኑ ግን ጨርሶ ካልተጠቀሙት 17 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። ሌላ ቡድን መልሱን ሳይነግር ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተበጀ መሣሪያ ተሰጠው፤ ይህ ቡድን በልምምዱ ከሁሉም በለጠ፤ በፈተናውም አልተጎዳም። ማሽኑ አንድ ነው፤ የተለየው ከተማሪው ላይ ያነሣው ድካም ነው። ለተማሪዎችዎም ይህን ጥናት ይንገሯቸው። ከማስፈራሪያ ይልቅ የራሳቸው የፋይናል ውጤት ይነካቸዋል።

አሳይመንቱን ግን መለወጥዎ አይቀርም። «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ምን እንደሆነ በሦስት ገጽ አብራራ» የሚል ጥያቄ ሞቷል፤ እውነቱን ለመናገር ከቻትጂፒቲ በፊትም ቢሆን ከጉግል ተቀድቶ ነበር የሚመጣው። በምትኩ በአምስት በአምስት ይመድቧቸውና በከተማው ገበያ ወርደው የሽንኩርት ወይም የጤፍ ዋጋ ከሃያ ሻጭ ይጠይቁ። ዋጋዎቹን በእጅ የተጻፈ ዝርዝር አድርገው ያምጡ፤ ያስሉ፤ ለምን አንዱ ሻጭ ከሌሎቹ እንደራቀ ያስረዱ። የዝርዝሩን ፎቶ ሙድል ላይ ይጫኑት። ከዚያ ከየቡድኑ በዕጣ አንድ ሰው ተነሥቶ ለሦስት ደቂቃ ይጠየቅ፦ «ይህን ሻጭ ከዝርዝሩ ብናወጣ አማካዩ ወዴት ይሄዳል?» ለ36 ቡድን ሦስት ሦስት ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሠዉለት። ቻትጂፒቲን ስሌቱን ለማጣራት ቢጠቀሙበት ቅር አይለኝም፤ ምን ጠይቀውት ምን እንደመለሰላቸውና የት ላይ እንደተሳሳተ ከሥራው ጋር ያያይዙ። ያልነበረን ጥናት በሙሉ ልብ እንደሚጠቅስ ራሳቸው ይዘው ሲያገኙት ከእርስዎ ምክር ይልቅ ያምኑታል።

«ስልክ ከክፍል ይውጣ» የሚሉትም ባዶ ሜዳ ላይ አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የተሠራ ጥናት በንግግር ላይ ሌላ ነገር በላፕቶፑ የሚያይ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ሆኖ ያንን ስክሪን የሚያይ ጓደኛውም ውጤቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኔ በኩዊዝ ወይም በስሌት ጊዜ ስልክ ከቦርሳ ይውጣ እላለሁ፤ ከዚያ ውጪ ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ይግባ እላለሁ። ለመቆጣጠር ግን በየረድፉ አልዞርም፤ ክፍሉ ሲከራከር ስልክ የሚያይ ጥቂት ነው።

የመውጫ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ መሆኑን ያስታውሱ። አንድ ተማሪ በኮምፒውተር ፊት መጀመሪያ የሚፈተነው ዲግሪውን በሚወስንበት ቀን መሆን የለበትም፤ ሳምንታዊው ኩዊዝዎ ለዚያም ያለማምደዋል።

ስለ ቴሌግራም ቻናልዎ አንድ ልጨምር። ለማስታወቂያና ለፈጣን ጥያቄ ይተዉት፤ ተማሪው ያለው እዚያ ነው፤ ሙድልን በየሰዓቱ የሚከፍት የለም። ውጤት ግን ከስም ወይም ከመታወቂያ ቁጥር ጋር እዚያ አይለጥፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደግሞም ቻናሉ የተያዘው በእርስዎ የግል አካውንት ነው፤ እርስዎ ሲቀየሩ ወይም አካውንቱ ሲጠፋ የሴሚስተሩ መዝገብ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ውጤት ሙድል ላይ ይግባ፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ያያል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎ ኮርሱ «መጫኑን» ሲጠይቁ ስላይድ ብቻ ጭነው ሊያልፉ ይችላሉ፤ ብዙዎች ያንኑ ያደርጋሉ። በዚህ ሴሚስተር ከእርስዎ የምጠብቀው የኮርሱን ዕቅድ፣ አራት ሳምንት የሚበቃ የጥያቄ ባንክና የገበያውን አሳይመንት ብቻ ነው። የቀሩትን ምዕራፎች በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ኩዊዞች ሪፖርት ካነበቡ በኋላ ይሥሩ። የትኞቹ ጥያቄዎች መጣል እንዳለባቸው ያኔ ያውቃሉ።